ድንክዬ ባቡሮችን ከልጆች ጋር እንዴት እንጎብኝ?

የሞዴል ባቡር ማሳያ በችኮላ የሚታይ ነገር አይደለም። አዋቂዎች ሁሉንም ለማሳየት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲጣደፉ፣ ልጁ ገና የመጀመሪያው ዋሻ ፊት ቆሞ ባቡሩ እስኪወጣ ይጠብቃል። ትክክለኛው ልጁ ነው። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር በሙሉ የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ ጥቂት ነገር መርጦ እስኪጠግቡ መመልከት።

1. የምትሄዱበት ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

እንዲህ ያሉ ቦታዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በአዳራሽ ውስጥ፣ በጠረጴዛ ከፍታ ላይ ተራራው፣ ከተማውና ሐዲዱ የተሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በጀርመን ሃምቡርግ የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ በዚህ ረገድ ዝነኛ ነው፤ ከባቡሮቹ ሌላ እየተንደረደሩ የሚነሱ አውሮፕላኖች ያሉት አየር ማረፊያ ጭምር አለው። ሁለተኛው ከቤት ውጭ፣ በአትክልትና በትንንሽ ቤቶች መካከል ባቡር የሚሄድበት ነው። በእንግሊዝ ቢኮንስፊልድ የሚገኘው ቤኮንስኮት ከ1929፣ በኔዘርላንድስ ዘ ሄግ የሚገኘው ማዱሮዳም ደግሞ ከ1952 ጀምሮ ጎብኚ ይቀበላሉ። ሦስተኛው ሰው ራሱ የሚሳፈርበት አነስተኛ ባቡር ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዝግጅት ነው። ትልልቆቹ አዳራሾች የመግቢያ ሰዓት የተጻፈበት ቲኬት ስለሚሸጡ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ከቤት ውጭ ያሉት በብርድ ወራት ሊዘጉ፣ በዝናብ ቀንም ባቡሮቻቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት የሚያስተዳድሯቸው ደግሞ ባቡሮቹን የሚያንቀሳቅሱት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ክፍት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ባቡሮቹ በዚያ ቀን ይሄዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቆመ ባቡር ለማየት ረጅም መንገድ የመጣን ልጅ ማጽናናት ከባድ ነው።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁን አሳንሱ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት አደራ እላለሁ። በብዛት የሚሠራበት የሞዴል ባቡር ልኬት 1 ለ 87 ነው፤ እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ቤት ውስጥ የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ቁመት በሴንቲሜትር ለኩና ለ87 አካፍሉ። 174 ሴንቲሜትር የሚረዝም አዋቂ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። 105 ሴንቲሜትር የሆነች ሕፃን ደግሞ 1 ነጥብ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ትደርሳለች። በዚሁ ልክ ከወፍራም ወረቀት ሰዎች ቁረጡ፣ ልጆቹ ቀለም ይቀቧቸው፣ ከዚያም ይዛችኋቸው ሂዱ። ልጁ የወረቀት ራሱን በማሳያው ጠርዝ በኩል ከፍ አድርጎ ይዞ በጣቢያው ከቆሙት መንገደኞች ጋር ሲያስተያይ፣ በሩ የትኛው እንደሆነና በየትኛው መስኮት አሻግሮ እንደሚያይ ራሱ ያገኘዋል። የምትሄዱበት ቦታ በሌላ ልኬት የተሠራ ከሆነ ማካፈያውን ብቻ ቀይሩ፤ ማዱሮዳም ለምሳሌ 1 ለ 25 ነው።

3. ሰዓት ምረጡ፣ ሸክም ቀንሱ

በሩ እንደተከፈተ ወይም ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ግቡ። እኩለ ቀን ላይ ልጆች የሚያዩት የሰው ጀርባ ነው። መተላለፊያዎቹ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ስለሆኑ ከሕፃን ጋሪ ይልቅ ማዘያ ይሻላል።

4. አንድ ባቡር ምረጡና ተከተሉት

እያንዳንዱ ልጅ አንድ ባቡር የራሱ ያድርግ፤ ቀዩን፣ ረጅሙን፣ ዕቃ ጫኙን፣ ደስ ያለውን። ከዚያ ባቡሩ በሄደበት መሄድ ነው። ድልድዩን፣ ከተማውንና የማዕድን ማውጫውን በዚሁ መንገድ ታገኟቸዋላችሁ፤ ማንም «እዚህ ተመልከት» እያለ መጎተት አያስፈልገውም።

ባቡሩ ዋሻ ገብቶ ለብዙ ደቂቃ ሊቀር ይችላል። ትንንሽ ልጆች የጠፋ ስለሚመስላቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከሚታየው ምድር በታች ባቡሮች ተራቸውን የሚጠብቁበት የተሰወረ ጣቢያ አለ። ከታች ወደ ላይ የሚወጡትም ብዙ ጊዜ በሚጠማዘዝ ሐዲድ ነው፤ ቀጥ ያለ ዳገት ከባድ ስለሚሆንባቸው ዙሪያውን እየተሽከረከሩ ቀስ በቀስ ከፍ ይላሉ። ይህን ያወቀ ልጅ ጥበቃውን ይወደዋል፤ በየትኛው ዋሻ በኩል እንደሚወጣ መገመት ይጀምራል።

ከፍ ላሉት ልጆች የፍጥነት ስሌት ስጧቸው። በአውሮፓ የተለመደ ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ 26 ሜትር ያህል ነው። በሞዴሉ ላይ በአንድ ሰከንድ አንድ ፉርጎ ፊታችሁን ካለፈ፣ እውነተኛው ባቡር በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ፉርጎውም መንገዱም በእኩል ስላነሱ ስሌቱ በማንኛውም ልኬት ይሠራል።

5. ዝቅ በሉ

ልጁን ትከሻ ላይ ማውጣት የሚያሳየው ጣሪያ ብቻ ነው። ይልቁንም በርጩማ ካለ ጠይቁለት፣ እናንተም ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን በሐዲዱ ከፍታ አድርጉ። ያን ጊዜ የሚመጣው ባቡር ግዙፍ ይሆናል። ፎቶም ከዚሁ ከፍታ ላይ ሲነሳ ነው የሚያምረው፤ ፍላሹን አጥፉ፣ መስታወት ካለ ስልኩን አስጠግታችሁ ያዙ። በብዙ አዳራሾች መብራቱ እየደበዘዘ «ይመሻል»፣ የትንንሾቹ ቤቶች መስኮቶችም ይበራሉ። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ቀድሞ ይወቀው። ሲመሽ ከቦታችሁ አትነቃነቁ፤ ከቀኑ ሁሉ ምርጡ ሰዓት ይህ ነው።

6. ክልከላውን ከነምክንያቱ ንገሩ

«አትንካ» ብቻውን አይሠራም። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በአብዛኛው ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል እንደሆነና የጣት ቅባትና አቧራ ግንኙነቱን እንደሚያቋርጥ ንገሩት። ባቡሮቹ በዲጂታል መንገድ በሚታዘዙበት ማሳያ ላይ «ፍጠን፣ ቁም፣ መብራት አብራ» የሚለው ትእዛዝም በዚያው ሐዲድ በኩል ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) በውስጡ ባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የራሱን ቁጥር ለይቶ ይታዘዛል። እንዲነኩ የተፈቀዱ ቁልፎች ካሉ ግን ልጁ ሁሉንም ይጫን፤ ንፋስ ወፍጮ ይዞራል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይወጣል። ሠራተኞቹን «በጣም የሚያስቸግራችሁ ባቡር የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ያደከሙበትን ነገር በፍቅር የሚያወሩ ሰዎች ናቸው።

7. የምትሳፈሩ ከሆነ

አንዳንዶቹ ባቡሮች ላይ የሚቀመጡት እንደ ፈረስ በእግር አንፈራጦ ነው። እግር ከመርገጫው ላይ አይውረድ፣ እጅም ወደ ውጭ አይዘርጋ፤ ሻርፕና ረጅም ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ሰብስቡት። ሸፋኝ ጫማ ይደረግ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከሆነ ብረቱ ይፋጃል፤ ጥቃቅን ፍምም ሊተፋ ስለሚችል ጥሩውን ልብስ ቤት ተዉት።

8. ሱቁን በመጨረሻ

የምትገዙትን ሳትገቡ ወስኑ። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ትንንሽ ክፍል ያለው ሞዴል አይገዛም፤ ሊውጠው ይችላል። በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 9 ሚሊሜትር የሆነው ባቡር ለትንንሽ ጣቶች ያስቸግራል፤ 45 ሚሊሜትር የሆነው ጠንካራና ለመያዝ ምቹ ቢሆንም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለአብዛኛው ቤት መካከለኛው፣ 16.5 ሚሊሜትሩ ይስማማል። ቀድሞ ባቡር ካላችሁ አዲሱን ከመክፈላችሁ በፊት የሐዲዱ ስፋትና የመቆጣጠሪያው ዓይነት ቤት ካለው ባቡር ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።