ኬሚካል የሚቋቋመውን የወባ ትንኝ በቤትና በግቢ ለመቆጣጠር

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ ስትሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ከተማ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በከተሞች ሌላ ሥጋት ሆናለች። ሁለቱም አጎበር የሚነከርበትን የፓይረትሮይድ ወገን ኬሚካል የመቋቋም ባህርይ በብዙ ቦታ አሳይተዋል። ለረጅም ዓመታት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲም ትንኟ ስለተቋቋመችው በሌላ መተካቱ ይታወቃል። ከርጭት የተረፉት ጥቂት ትንኞች ባህርያቸውን ለዘራቸው ስለሚያወርሱ፣ አንድን ኬሚካል ብቻ ደጋግሞ መጠቀም የሚተርፉትን እያበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ያለንን ኬሚካል በአግባቡ እየተጠቀምን፣ ትንኟን ገና በውኃ ውስጥ ሳለች ማጥፋት ይገባናል።

ትልቁ ሥራ ያለው ውኃው ላይ ነው። አራቢየንሲስ ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ለምሳሌ በከብት ኮቴ፣ ጭቃ በተቆፈረበት ጉድጓድና ከመስኖ ቦይ በሚያፈስ ውኃ ትራባለች። ይህን መድፈንና ማፋሰስ ያስፈልጋል። ስቴፈንሲ ግን በርሜል፣ ሮቶ፣ ቢርካ (በመሬት ውስጥ የተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ) እና ለግንባታ የተጠራቀመ ውኃ ስለሚበቃት ዝናብ አትጠብቅም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗ በጥናት ተረጋግጧል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅባት፣ ትንንሹን ዕቃ በየሳምንቱ መገልበጥና ማጠብ ዑደቷን ይቆርጠዋል። ውኃው መደፋት ያለበት በደረቅ መሬት ላይ እንጂ በቦይ ውስጥ አይደለም። የማይገለበጠውን ማጠራቀሚያ ትንኝ በማያሳልፍ ደቃቅ መረብ ወይም በሚገጥም ክዳን መሸፈን ይገባል። በርሜሉን በባትሪ ብርሃን ሲመለከቱ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚንሳፈፍ እጭ ካዩ የወባ ትንኝ ወገን ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ እጭ ነው። ቢርካን በመሰለ ሰፊ ውኃ ላይ እጭ ማጥፊያ የሚጨመረው ግን በባለሙያ ብቻ መሆን አለበት።

አጎበር ኬሚካሉ ቢደክምም እንኳ በትንኟና በሰውየው መካከል የሚቆም ግርዶሽ ስለሆነ መተው የለበትም። ቀዳዳው ይሰፋ፣ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፤ ሲቆሽሽ በቀላል ሳሙና እንጂ በኦሞና በበረኪና አይታጠብ፣ በጥላ ሥር ይድረቅ። ፒቢኦ የተባለ የኬሚካሉን ኃይል የሚያጠናክር ውሁድ የተጨመረበት አጎበር ትንኟ ኬሚካሉን የምትሰባብርበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ ክሎርፌናፒር የተባለ ሌላ ኬሚካል ያለበት ደግሞ በሌላ መንገድ ስለሚገድል፣ ምርጫው ካለ መቋቋም በታየበት ቦታ እነዚህን መውሰድ ይሻላል።

ርጭትን በተመለከተ ብዙ ድካም የሚባክነው ከርጭቱ በኋላ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ቤት የመለቅለቅ ልማዳችን መልካም ቢሆንም፣ የተረጨ ግድግዳ ላይ ጭቃ መምረግ፣ ቀለም መቀባት ወይም ጋዜጣ መለጠፍ ትንኟ የምታርፍበትን ኬሚካል ይቀብረዋል፤ ይህም የሚሆነው ወባ በሚበረታበት በመስከረምና በጥቅምት ነው። መለቅለቁ ከርጭቱ በፊት ቢያልቅ ሁለቱም ይሳካሉ። ለሰብል የተሰጠ ፀረ ተባይን ቤት ውስጥ መርጨት ደግሞ ለሰው አደገኛ ነው። በአትክልት ማሳ ላይ ያለ ልክ የሚረጨውም ኬሚካል ወደ ቦይ እየወረደ እጮቹን ስለሚነካ፣ መቋቋምን ከማሳው ይጀምረዋል።

በቅርቡ በተረጨ ግድግዳ ላይ ትንኞች በሕይወት አርፈው ከታዩ፣ በተለይም ጅራታቸውን ሽቅብ አንሥተው የሚያርፉት ከሆኑ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ትንኞቹን ለአንድ ሰዓት ከኬሚካሉ ጋር አገናኝተው ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን ይቆጥራሉ፤ ከመቶ 98ቱና ከዚያ በላይ ከሞቱ ኬሚካሉ ይሠራል፣ ከ90 በታች ከሆነ ግን መቋቋሙ ተረጋግጧልና የሚቀጥለው ርጭት በሌላ ወገን ኬሚካል እንዲሆን ማስረጃ ይሆናል።