የመንኮራኩር ሞዴል ሲበላሽ፦ ከሚታየው ምልክት ወደ ተደበቀው መንስኤ

አራት ኪሎ ባለች ጠባብ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ፣ «ጣዝማ» ብዬ የሰየምኳትን የጭነት የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል እየሠራሁ ነው። ንድፏ የራሴ ነው፤ አካሏ የማስታወቂያ ቤቶች ከሚቆርጡት ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ ከቧንቧ ቁራጭና ከወዳደቀ ዕቃ የተሰበሰበ ነው። ከእርሷ በፊት ሁለት ሠርቻለሁ፤ ሁለቱም ብዙ አስተምረውኛል።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ይህን ነው፦ ጥፋቱ የሚታይበትና ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። ቀለም ሲላጥ ቀለሙን እንወቅሳለን፤ መንስኤው ግን ከሦስት ቀን በፊት ሳይታጠብ የቀረው ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ስታነቡ፣ ምልክቱ ከታየበት ሥራ አንድ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ፈትሹ።

አካሏ ተጠማዘዘ

ሞዴሏን በመስታወት ላይ አስተኟትና አንዱን ጫፍ በጣት ተጫኑ። ሌላው ጫፍ ብድግ ካለ ተጠማዝዛለች። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን አካል ቆዳው (የውጭ ሽፋኑ) ብቻውን ቀጥ አድርጎ ሊይዘው አይችልም፤ አከርካሪና የጎድን አጥንት ያስፈልገዋል። ለአከርካሪነት የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚተላለፍበት የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል። የጎድን አጥንቶቹን ከሰሌዳው ቆርጣችሁ በየ5 ሴንቲሜትሩ አስገቡ።

አጥንት ኖሯትም የምትጠማዘዝ ከሆነ ቆዳውን የለጠፋችሁበትን ቅደም ተከተል አስታውሱ። ግራውን ጎን ሙሉ በሙሉ ጨርሶ ወደ ቀኙ የሚሻገር ሰው ሞዴሉን ራሱ ያጣምማል፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ስለሚኮማተር አካሉን ወደ አንድ ወገን ይስባል። አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ እያላችሁ ሂዱ። የተጠማዘዘችውን ለማዳን ደግሞ ቆዳውን በቁመቱ በካተር ሰንጥቁ፣ መስታወቱ ላይ ክብደት ጭናችሁ አስተኟት፣ ስንጥቁን በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ) ሙሉና እስከ ማግስቱ አትንኳት።

ሰሌዳን በፈላ ውኃ ለማጠፍ የሞከረ ሰው «ፕላስቲኩ እምቢ አለኝ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እምቢ ያለው በምክንያት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሰሌዳው ፖሊስታይሪን ከሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ፒቪሲ ግን በ80 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ በእኛ ማሰሮ ውስጥ በደንብ ይታጠፋል። ስለዚህ ክብ ቅርጽ የሚፈልጉ ክፍሎችን ከፒቪሲ ሥሩ። በእሳት ነበልባል ግን አታሙቁት፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነው።

የተለጠፈው ክፍል ከሳምንት በኋላ ይረግፋል

ማጣበቂያውን ከመለወጣችሁ በፊት የረገፈውን ቁራጭ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ከተንሳፈፈ ምናልባት ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳንና ጀሪካን የሚሠሩባቸው እነዚህ ናቸው። ማጣበቂያም ቀለምም አጥብቀው አይዙም። ፖሊስታይሪንና ፒቪሲ ግን ይሰጥማሉ። (በውስጡ አረፋ ያለው ሰሌዳ ከምንም ዓይነት ቢሠራ ስለሚንሳፈፍ ይህ ፈተና ለእርሱ አይሠራም።) ዕቃው ሥር በሦስት ቀስቶች መካከል ቁጥር ካለ ደግሞ ሥራው ይቀላል፦ 3 ፒቪሲ፣ 6 ፖሊስታይሪን ነው፤ እነዚህን ያዙ። 2፣ 4 እና 5 የሚሉትን ተዉአቸው። ክዳን የግድ ካስፈለጋችሁ በማጣበቂያ አትመኑ፤ ከሥሩ ቀዳዳ አበጅታችሁ በቀጭን ሽቦ እሰሩት።

ሱፐር ግሉ በጥር አይደርቅም፣ በነሐሴ ነጭ ያለብሳል

ይህ የብዙዎች ቅሬታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ሱፐር ግሉ እንደ ሌሎች ማጣበቂያዎች ፈሳሹ ተንኖ የሚደርቅ ይመስለናል። የሚጠነክረው ግን በተቃራኒው፣ ከአየርና ከዕቃው ገጽ እርጥበት ሲያገኝ ነው። የበጋው ደረቅ አየር እርጥበት ይነፍገዋል፤ ስለዚህ ቁራጩን ይዛችሁ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ፣ ስትለቁት ይንሸራተታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ማጣበቂያ መጨመር ነው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ወፍራም ጠብታ ከቀጭን ሽፋን ይልቅ ይዘገያልና። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመለጠፋችሁ በፊት በአንደኛው ገጽ ላይ በአፋችሁ እንፋሎት አንድ ጊዜ ተንፍሱበት፤ በሌላኛው ገጽ ላይ በጣም ትንሽ ጠብታ አድርጉና ግጠሙት። ክፍተት ካለ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበትና በላዩ አንጠባጥቡ፤ ወዲያው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለሚጠነክር ግን በዚያው ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፤ ነገ ይበልጥ ያስቸግራል።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ከመጋጠሚያው ዙሪያ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። ይህ ሳይጠነክር የተነነው ማጣበቂያ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ በአቅራቢያው ባለው ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። ቀለም የሚሸፍነው ቦታ ላይ ከሆነ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይወገዳል። በመስኮት ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ግን ያንን ፕላስቲክ መተካት ነው የሚሻለው። ስለዚህ ብርሃን አስተላላፊ ለሆነ ነገር ሁሉ በየትኛውም ወር ሱፐር ግሉን ትታችሁ የአናጢ ነጭ ኮላ ወይም ኤፖክሲ ተጠቀሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፈሰሰውን ሱፐር ግሉ በጥጥ አትጥረጉት። ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ጣት እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል።

ፎሙ ቀለጠ

ስፕሬይ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ስታይሮፎምን ይበላዋል። ከቀለሙ በፊት ፎሙን ውኃ በቀላቀላችሁበት ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ አትተዉ። የቀለጠውን ለመጠገን አትድከሙ፤ እንደገና ቁረጡ።

ቀለሙ ሻከረ፣ ነጣ፣ ተጨማደደ ወይም ተላጠ

አራቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክር ቀለም ገጹ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ የደረቀ ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ ማሟሚያው ቶሎ ይተናል፤ በደረቁ ወራት ደግሞ የከሰዓት በኋላው ፀሐይና ነፋስ ይጨመርበታል። ጣሳው ላይ 30 ሴንቲሜትር ራቁ የሚል ከሆነ እኔ ከ15 እስከ 20 እቀርባለሁ፤ እጄን ግን ሳላቆም አንቀሳቅሳለሁ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ መቀባትም ብዙ ይረዳል። የሻከረውን በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየነከራችሁ ፍቁና ድገሙት።

በዝናብ ቀን የተቀባ ቀለም ወተት የተደፋበት ይመስላል። ማሟሚያው ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት እዚያው ጤዛ ሆኖ ይያዛል። ቀኑ ሲጠራ በዚያው ቀለም በስሱ ስትደግሙት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ሐምሌና ነሐሴን ግን እኔ ለቆረጣና ለመለጠፍ ትቼ ቀለሙን ከመስቀል በኋላ እሠራዋለሁ፤ ትዕግሥቱ ከድጋሚ ሥራ ይረክሳል።

የተጨማደደ ገጽ ሁለተኛው ሽፋን በማይሆን ሰዓት እንደተቀባ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ከላይ ደርቆ ከሥር ገና ለስላሳ ነበር። ወይ ጣሳው በሚለው አጭር ጊዜ ውስጥ ደርቡ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። መሐሉ ላይ አትግቡ።

የማጣበቂያ ፕላስተር ሲነሣ አብሮ የሚላጠው ደግሞ ሳይታጠብ የተቀባው ነው። የእጅ ወዝ አይታይም። አካሏን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ሽፋን) ከመንፋታችሁ በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ በኋላ በጓንት ያዙ።

ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ስፕሬዩን አታንሡት። በጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ ከሰሉም ቅርብ ነው።

ግዙፍ መንኮራኩር ሳይሆን መጫወቻ ትመስላለች

ሁሉም ነገር በንጽሕና ተሠርቶ፣ ቀለሙ አምሮ፣ ሞዴሉ ግን ትንሽ ሆኖ ይታያል። ሠሪው የሚያዝንበት ግን ስሙን የማያውቀው ችግር ይህ ነው። የመጀመሪያዋን መንኮራኩሬን ለጎረቤቴ ልጅ አሳይቼው «ስንት ሰው የምትይዝ ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ለብዙ መቶ ሰዎች ያሰብኳት ነበረች። መስኮቶቿን በጣቱ ቆጠረና «አራት» አለኝ። ልክ ነበር፤ ዓይን መጠንን የሚለካው በሚያውቀው ነገር ነው፣ እኔ ያስቀመጥኩለት መስኮት ደግሞ የመኪና መስኮት ይመስል ነበር።

መንስኤው ያለ መጠነ ልኬት መጀመር ነው። ጣዝማን ስጀምር በቅድሚያ የወሰንኩት ርዝመቷን ነበር፤ ለዚያም በየቀኑ የማየውን ሕንፃ ወሰድኩ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ሕንፃ በጎኑ አስተኝታችሁ አስቡት፤ ጣዝማ እርሱን ታህላለች። በጠረጴዛዬ ላይ 60 ሴንቲሜትር እንድትሆን መጠኑ 1 ለ350 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በማካፈል ይገኛል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 5 ሚሊሜትር አይሞላም። 2 ሜትር ከፍታ ያለው በር 5.7 ሚሊሜትር ነው። 3.5 ሜትር ከፍታ ያለው ፎቅ ልክ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ይህን መጠን ስለምወደው የመስኮቶቼን ረድፍ ሁሉ በ1 ሴንቲሜትር ልዩነት አሰመርኩ። ከአምስት ሜትር የሚያንሰው ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ 1.4 ሴንቲሜትር አይደርስም፤ ከፕላስቲክ አንድ ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፣ አዲስ ክፍል ስሠራ ከጎኑ አቆመዋለሁ።

የሰሌዳ መጋጠሚያ መስመሮችም እንዲሁ ይጋለጣሉ። 0.5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጭረት ቀጭን ይመስላል፤ በ350 ስታባዙት ግን 17.5 ሴንቲሜትር ነው፣ ሰው ክንዱን የሚያስገባበት ክፍተት ማለት ነው። እንደዚያ የተከፈተ መንኮራኩር አየር አይይዝም። ስለዚህ መስመሩን በካተር ጀርባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትጫኑ አስምሩ፤ ጥቁር ቀለም ከምትሞሉበት ይልቅ አጎራባች ሰሌዳዎችን በትንሹ በተለያየ ግራጫ ቅቡ። ልዩነቱ ከአንድ ክንድ ርቀት እምብዛም የማይታይ ከሆነ ትክክል ነው።

ጥቁርና ነጭ ቀለም በንጹሕነታቸው አትጠቀሙ፤ ወደ ግራጫ ሳቧቸው። የሚያብረቀርቅ ገጽም መጫወቻነትን ያጋልጣል፤ በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፉባት።

ቆሻሻ የተለጠፈባት ትመስላለች

ከምናለሽ ተራ ያመጣችሁት የተሰበረ ፕሪንተር በጥርስ ጎማና በስፕሪንግ የተሞላ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፊልም ሞዴል ሠሪዎችም የታንክና የጦር መርከብ መገጣጠሚያ ፕላስቲኮችን በትነው በመንኮራኩሮቻቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ተመልካቹ ዕቃውን ሲለየው ነው፤ የምላጭ እጀታ መሆኑ ከታወቀ መንኮራኩሩ በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ቁራጩን ለሁለት ቁረጡት፣ ገልብጡት፣ ከሌላ ቁራጭ ጋር አጣምሩት። ከቀለም በፊት ሁሉንም በአንድ ግራጫ ፕራይመር ሸፍናችሁ ፎቶ አንሡ፤ ዓይን ለምዶ ያለፈው ነገር ፎቶው ላይ ይወጣል።

ሌላው መንስኤ ብዛት ነው። ገጹን ሁሉ እኩል ከሞላችሁት ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ጣዝማ ላይ ዝርዝሩን በሞተሮቹ ዙሪያና በጭነት በሮቹ አጠገብ አጨናንቄ የጀርባዋን ሰፊ ክፍል ባዶ ተውኩት። የምትለጥፉት ቱቦም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አንድ ቦታ ይግባ። ነዳጅ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ እናንተ ካወቃችሁ፣ ተመልካቹ ባይጠይቅም ያምናችኋል።

መብራቱ በግድግዳው በኩል ያበራል፣ ወይም አንዱ ይደበዝዛል

አካሉ እንደ ፋኖስ ከበራ ፕላስቲኩ ስስ ነው፣ የውስጡም አልተቀባም። ውስጡን ሁለት ጊዜ ጥቁር፣ በላዩ አንድ ጊዜ ነጭ ቅቡት፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል፣ ነጩ ወደ መስኮቶቹ ይመልሰዋል። ይህ ግን አካሉ ከመዘጋቱ በፊት የሚሠራ ነው፤ የረሳ ሰው ከመክፈት ሌላ መንገድ የለውም።

የአንዱ ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክ አምፖል) ብርሃን ከሌሎቹ ከደበዘዘ ሁሉንም ጎን ለጎን አገናኝታችሁ በአንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገድብ ክፍል) አስተሳስራችኋቸዋል ማለት ነው። ኤልኢዲዎች መልካቸው አንድ ቢሆንም የሚፈልጉት ቮልቴጅ በጥቂቱ ይለያያል፤ ዝቅተኛውን የሚፈልገው የሌሎቹን ድርሻ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ የራሱን ሬዚስተር ስጡት። 3 ቮልት አካባቢ ለሚፈልግ ነጭ ኤልኢዲ በ9 ቮልት ባትሪ 330 ኦም ተስማሚ ነው። ባትሪው የሚቀየርበትን በር ከሆዷ ሥር መተውን አትርሱ።

ሁሉም ከተገናኘ በኋላ ጣዝማን ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አብርቼ እተዋታለሁ፤ ባትሪው ከደከመ እየቀየርኩ። ደካማ ብየዳ ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፣ እጄም ገና ይደርስበታል። የላይኛውን ቆዳ የምለጥፈው በማግስቱ ሁሉም መስኮቶች በርተው ካገኘኋቸው ነው።