ማዕረግ ደጅ አያስጠናም

ደሴ ላይ አሥራ አራት ሆነን የድሮ ዘመን ልብስ እየሰፋን፣ ጋሻ እየሠራን በየወሩ እንሰበሰባለን። ይህን አመል ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፣ ከቨርጂኒያ። እዚያ ስኖር ሶሳይቲ ፎር ክሪዬቲቭ አናክሮኒዝም የሚባል፣ የድሮውን የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ኑሮ እየሠራ የሚጫወት ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። በ1966 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ ሰው ጓሮ ውስጥ በተደረገ ድግስ ነው የተጀመረው። አሁን የየራሳቸው ንጉሥና ንግሥት ያሏቸው «መንግሥታት» አሏቸው። በራታን እንጨት ጎራዴ ተጋጥሞ ያሸነፈ ይነግሣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ለሌላ አሸናፊ ይለቃል። ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ሰሞኑን ልጆቹ «እኛስ ሰው የምንሾመው እንዴት ነው?» አሉኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

እዚያ ትልልቆቹ ማዕረጎች በሥራ ይለያያሉ። ሎረል ለእጅ ጥበብና ለምርምር ነው። ፔሊካን ለአገልግሎት፣ ቺቫልሪ በከባድ ጥሩር ለሚዋጋ፣ ዲፌንስ ለቀጭን ሰይፍ። ጥልፍ ጠላፊ ስለሆንኩ ከሁሉም የቀረበኝ ሎረል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ማንም አባል ስለ ሌላው ደብዳቤ ይጽፋል። ማዕረጉን ቀድመው የያዙት ተሰብስበው ይመክራሉ። የመጨረሻው ቃል ግን የንጉሡና የንግሥቲቱ ነው። እጁ የሠለጠነ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ያስተምራል ወይ? ከሰው ጋር እንዴት ነው? ይህም ይጠየቃል።

የኛ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ሹመት የፈለገ ደጅ ይጠና ነበር፤ ክረምት ከበጋ በር ላይ ቆሞ። እዚያ ግን «ለኔም ስጡኝ» ያለ ሰው ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ሰው ያየውን ይጽፍልሃል፣ አንተ ሥራህን ትሠራለህ።

ደብዳቤው ላይ ልቆይ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ባለፈው አንዷ ስለ ጓደኛዋ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ምስጉን ናት» ብላ አመጣችልኝ። ይሄ ለሥራ ቅጥር የሚጻፍ ማስረጃ ነው። «ምን ስትሠራ አየሻት?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «የካባው ጥልፍ ሲጣመምብን ፈትታ እንደገና ሠራችው፤ ክሩ ከሰኞ ገበያ የተገዛ ነበር፣ ቀለሙ ሲለቅ ጊዜ መላውን አሳየችን። አሁን ሦስት ልጆች ያንን ስፌት ያውቃሉ።» በቃ፣ ይሄንን ጻፊው አልኳት።

ሁለተኛው፣ ለሚታጨው ሰው ትንፍሽ አትበሉ። እኔ ቨርጂኒያ እያለሁ ለአንዲት ወዳጄ «ሊሰጡሽ ነው» ብዬ ሹክ አልኳት። መካሪዎቹ «ገና ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ስልኬንም አታነሳም።

እኛ ጋ ሦስት ነገር ቀይረናል። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ የሚለውን አንነካም። ወሎ ውስጥ አያቱ በእውነት ፊታውራሪ የነበሩ ሰው ጎረቤት ነው፣ መቀለድ ይሆናል። የኛ ማዕረጎች መርፌ፣ ጋሻና ጀበና ይባላሉ። ጀበና ለአገልግሎት ነው፤ ወንበር ለሚደረድረው፣ ሲኒ ለሚያጥበው። ንጉሥም የለንም። ባለማዕረጎቹ ከመከሩ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ከሁላችን ታላቅ የሆኑት አባታችን ይሰጣሉ።

እዚያ ተሿሚው ከሥርዓቱ በፊት ለብቻው ይቀመጣል፣ ባለማዕረጎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይመክሩታል። እኛ በቡና ተካነው። አቦል ላይ ወሬ፣ ቶና ላይ ምክር፣ በረካ ላይ «ትቀበያለሽ?» ይባላል። እምቢ ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። እሺ ካለች አባታችን ይመርቃሉ፣ አሜን እንላለን።

ለተሿሚው የሚደረበውን ካባ ግን በፌስታል ጠቅልላችሁ አምጡ፤ ሽንኩርት ከላይ አድርጉበት። ባለፈው ጥለቱ ብቅ ብሎ ልጅቷ ከበር ጀምራ አወቀች።