ፍሎሪዳ ላለ ዘመድ «ውጡ» ሲባል ከጅማ ምን ይደረጋል?

እህቴ ታምፓ ነው የምትኖረው። ሄሪኬን (ከባሕር የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) መጣ በተባለ ቁጥር ጅማ ያለነው ሁላችን ስልክ ላይ እንጣዳለን። «አይዞሽ» ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ከውሃ አያወጣም። በልምድ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አውሎ ነፋሱ ሳይመጣ፣ ግንቦት ላይ፣ የመልቀቂያ ዞኗን ፊደል ጠይቋት። ዞን ሲባል እንደ ጅማ ዞን የአስተዳደር ነገር እንዳይመስላችሁ። የባሕር ውሃ ቀድሞ የሚገባበት ሰፈር ማለት ነው። ከኤ ይጀምራል፣ ኤ ቀድሞ ይወጣል። ሞባይል ሆም የሚባለው ቀላል ቤት ውስጥ ከሆነች ደግሞ ፊደሉ ምንም ይሁን ምን ትውጣ።

ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው «ካታጎሪ (የአውሎ ነፋሱ ደረጃ) ስንት ነው?» ብለን ነው። ቁጥሩ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ውሃውን አይነግራችሁም። በ2015 መስከረም ኢያን የተባለው ሄሪኬን ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርት ማየርስ ቢች ላይ የባሕሩን ውሃ ከመሬት በላይ ከ3 ሜትር አሳልፎታል። የጅማው አዌቱ ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው እንኳ ይህን መገመት ይከብደዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ዞንሽ እንዲወጣ ታዟል ወይ?» ይሁን።

ቀጥሎ ሰዓት። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። «እስከ 8 ሰዓት ውጡ ተብለናል» አለችኝ። በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 8 መስሎኝ «ገና ነው፣ ተረጋጊ» አልኳት። ለካ የነሱ ጠዋት 8 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት። እዚህ ጅማ ያኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። አሁን ሁለቱንም ጽፌ ነው የማስቀምጠው።

የት ትሂድ? ብዙ መራቅ የለባትም። ከውሃው ዞን ውጭ ያለ፣ ጠንካራ የጓደኛ ቤት ይበቃል። በ1998 መስከረም ሪታ የተባለችው ሄሪኬን ስትመጣ የሂውስተን (ቴክሳስ) ሰው በአንዴ ወጥቶ መንገድ ላይ ለሰዓታት ቆሟል፤ በሙቀቱ የሞቱም አሉ። ትዕዛዙ በወጣበት ቀን፣ ነዳጅ ሞልታ፣ ነፋሱ ሳይበረታ መንቀሳቀስ ነው። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ መድኃኒት በፌስታል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይደውል። አክስት፣ አጎት፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ሲደውልላት ባትሪዋ መንገድ ላይ አለቀ። ኔትወርክ ሲጨናነቅም አጭር መልእክት ይሻላል፤ ጥሪው እምቢ ሲል እሱ ያልፋል።

ከወጣች በኋላ «ነፋሱ ቆመ እኮ፣ ተመለሺ» አትበሏት። ባለሥልጣናቱ ግቡ እስኪሉ ትጠብቅ፤ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስትመለስ መብራት ላይኖር ነው። ጄኔሬተር ካለ ከቤቱ 6 ሜትር ይራቅ። ከሰልም ቤት ውስጥ አይገባም። እማዬ የላከችላትን ቡና ውጭ ታፍላ።