ከአሮጌ ሲዲ፣ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚበትን ፊልም በፀሐይ ጨረር ስለ መሥራት

ጨረር የአንዳንዱን ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነገር) ሰንሰለት ይበጥሳል፤ የሌላውን ደግሞ እርስ በርሱ አያይዞ ያጠነክራል። ፋብሪካዎች ለዚህ የጋማ ጨረር ወይም የኤሌክትሮን ጨረር ይጠቀማሉ፤ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ግን በጥፍር ጄል (በብርሃን በሚጠነክር የጥፍር ቀለም) ላይ የሚያርፍ አልትራቫዮሌት ይበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የበጋ ቀትር ፀሐይዋ ሥራውን በሚገባ ይጨርሳል፤ በክረምት ግን ከውበት ሳሎን የጥፍር ማድረቂያ መብራት መዋስ ይሻላል።

ጄሉ ሲጠነክር ይዞ የሚቀረው ቅርጽ የሚወሰደው ባዶ ከሚሸጠው፣ በኮምፒውተር ከሚቀዳበት ሲዲ ነው። ጽሑፍ በሚጻፍበት ገጽ በኩል በምላጭ ተጭሮ ስኮች ተለጥፎበት ሲሳብ ብርማው ንጣፍ ይነሣል፤ የቀረው ቀለም በአልኮል ሲጠረግ ሲዲው በተሠራበት ፕላስቲክ፣ በፖሊካርቦኔቱ ላይ በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተደረደሩ ቦዮች ይቀራሉ። ቦዮቹ ክብ ሠርተው ስለሚዞሩ፣ ጉብጠታቸው ከሚያንስበት ከውጭኛው ጠርዝ አጠገብ ትንሽ ቁራጭ ይቆረጣል።

ዋናው ፈተና ጄሉ ከሲዲው አልላቀቅ ማለቱ ነው። ይህን ለመከላከል ቁራጩ በጣም ስስ የሳሙና ውኃ ተቀብቶ ይደርቃል፤ ሳሙናው ከወፈረ ግን ቦዮቹን ይደፍናቸዋል። ከዚያም ከመስኮት ርቆ፣ ቀለም የሌለው ጄል ጠብ ተደርጎ የፖሊስተር ፊልም ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ ቀስ ተብሎ ይተኛበታል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ጄሉ ስለሚወፍር አረፋ ይይዛል፤ በመሆኑም ጠርሙሱን አስቀድሞ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሠራ ሰው ይህ አያሳስበውም። ያልደረቀ ጄል የቆዳ አለርጂ ስለሚያስከትል ጓንት የግድ ነው።

በፀሐይ ሲሰጣ ፊልሙ ወደ ላይ ይሁን። ከፊልሙ ሥር ያለው ጄል ኦክስጅን ስለማያገኘው በሚገባ ይጠነክራል፤ ወደ ጠርዙ ወጥቶ አየር ያገኘው ግን እንደተጣበቀ ይቀራልና በአልኮል ይጠረግ።

ፊልሙ የጠነከረውን ጄል ይዞ ከሲዲው ከተላቀቀ በኋላ 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ሌዘር በቀጥታ ሲያልፍበት፣ 1 ሜትር በራቀ ግድግዳ ላይ ከመካከለኛው ነጥብ ግራና ቀኝ 44 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው ሁለት ነጥቦች መታየት አለባቸው። ነጥቦቹ ከደበዘዙ ሳሙናው በዝቷል ማለት ነው። ፊልሙ በካርቶን ሣጥን ላይ ከጠባብ ስንጥቅ ትይዩ ተለጥፎ የፍሎረሰንት መብራት ሲታይበት በመብራቱ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት አረንጓዴና ወይን ጠጅ መስመሮች ተለይተው ይወጣሉ፤ በኤልኢዲ አምፖል ግን ቀለማቱ ተያይዘው ይታያሉ። ፀሐይን በዚህ መሣሪያ ፈጽሞ ማየት አይገባም።