ሳይጋቡ አብረው ኖረው ሲለያዩ ንብረት እንዴት ይጠየቃል?

«ቬሎ አልለበስኩ፣ ቀለበት የለኝ፣ ምን መብት አለኝ?» ጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ የሚሉኝ ይህንን ነው። አለሽ እህቴ! አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ 3 ዓመት አብራችሁ ከኖራችሁና ሌላ ውል ከሌላችሁ፣ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ነው ይላል። ካርታው በእሱ ስም ብቻ መሆኑ አያስደንግጥሽ። ክልል ከሆንሽ ግን የክልሉን ሕግ እዪ።

ጭቅጭቁ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። «ሠራተኛዬ ነበረች» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚከራከር አለ። ስለዚህ የሁለታችሁ ስም ያለበትን የእድር ደብተር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ሰብስቢ። ለምስክርነት ከእናትሽ ይልቅ ቡና የምትጠራሩ ጎረቤት ትሻላለች። «ሚስቱ ናት ብለን ነው የምናውቃት» ስትል ዳኛው ጆሮ ይሰጣታል።

ክስ ስትመሠርቺ ቤቱ እንዳይሸጥ የእግድ ትዕዛዝ አብረሽ ጠይቂ። ይህን ለነገ አትበዪ፤ አንዴ ከተሸጠ ማስመለሱ ፈተና ነው። ከእናንተ ኑሮ በፊት የነበረው የግሉ ነው፣ እሱን ተዪው።

ሶፋና ፍሪጁን በሽማግሌ ጨርሱ። ለአሮጌ ሶፋ መመላለስ የታክሲውን እንኳ አያወጣም።