ላቬንደራችሁን በእንክብካቤ አትግደሉት

ሚያዝያ ላይ ከችግኝ መሸጫ ሲመጣ ያማረው ላቬንደር (ሐምራዊ አበባ ያለው መዓዛማ ተክል) ነሐሴ ላይ ግራጫ ጭራሮ ሆኖ ይገኛል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ግቢ ያለው ብዙ ሰው ይህ ደርሶበታል። ቁመተ አጭሩ የእንግሊዝ ላቬንደር ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተራሮች የመጣ ነው፤ ድንጋይና ፀሐይ ለምዷል። በጥማት የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው።

ትልቁ ስህተት ውሃ ማብዛት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ «ጠምቶት ነው» ብለን እንጨምርለታለን። ሥሩ በስብሶ ከሆነ ግን የጠወለገው ውሃ አጥቶ ሳይሆን መምጠጥ አቅቶት ነው። የጨመርነው ውሃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ከታች እርጥበት ካለ ተዉት። አዲስ የተተከለ በመጀመሪያው ሰመር ውሃ ይፈልጋል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ዝናብ ለረጅም ጊዜ ካልጠፋ በቀር አትድረሱበት።

አፈሩም ጣጣ አለው። እዚህ ብዙ ቦታ ቀይ ሸክላ ነው። እሱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጥሩ አፈር መሙላት ገንዳ እንደ መሥራት ነው፤ ዝናቡ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ይልቅ ከመሬቱ 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ ጠጠርም ቀላቅሉበት።

ማዳበሪያ? ይቅርባችሁ። ቅጠሉ ይንዘረፈፋል፣ አበባው ይቀንሳል። ጥላም አይሆነውም፤ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ለማማር ተብሎ ግንዱ ሥር የሚከመረው ማልች (የእንጨት ስብርባሪ) ደግሞ እርጥበት ይይዝበታል። ጠጠር ይሻላል።

መግረዝ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፦ ጨርሶ የማይነካውና መላጣ የሚያስቀረው። ካልተገረዘ መሃሉ ይከፈታል፣ እንጨት ብቻ ይሆናል። አበባው እንዳለፈ ከላይ ሲሶውን ያህል ቁረጡ። መጀመሪያ ግን ጎንበስ ብላችሁ ቅርንጫፉን እዩት። መቀሱ አረንጓዴ ቅጠል ካለበት በታች አይውረድ። ቅጠል የሌለው ቡናማ እንጨት ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ አያቆጠቁጥም። ፎል ከገባ በኋላም አትግረዙ፤ አዲሱን ቀንበጥ ውርጭ ይመታዋል።

«ሂድኮት» እና «መንስቴድ» የሚባሉት የእንግሊዝ ላቬንደር ዓይነቶች ወደ 45 ሳንቲሜትር ስለሚያድጉ አጠጋግቶ መትከል ያጓጓል። የዋሽንግተን አካባቢ ሰመር ግን ወበቅ ነው፤ አየር ካላገኘ መሃሉ ይበሰብሳል። ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር አራርቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ወበቁ ካሸነፈ «ፌኖሜናል» የተባለውን ድቅል ሞክሩ፤ ወበቅና ብርድ ይበልጥ ይችላል። አጭር ግን አይደለም፣ ሰፋ ያለ ቦታ አዘጋጁለት።